የጌዴዎን ጦርና የቡሬ ምሽግ፤ የካቲት 1933 ዓ.ም.

ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በማንኩሳ በኩል ወደ ቡሬ የሚሄድ መንገደኛ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ይደርሳል። ግራና ቀኙ የበቆሎና የበርበሬ ማሳ ነው። እንደ ዓባይ በረሃ የሚያስፈራ ገደል የለበትም፤ እንደ መቅደላም ተራራ አይታይበትም። ስለዚህ ብዙዎቻችን ተማሪዎች ይህን መንገድ ስንመላለስበት የጦር ሜዳ ነው ብለን አናስብም። ነገር ግን በየካቲት ወር 1933 ዓ.ም. መድፍና ብረት ለበስ መኪና የነበረው፣ አውሮፕላንም የሚረዳው ብዙ ሺህ የኢጣልያ ጦር፣ ቁጥሩ ከእርሱ እጅግ ያነሰ ጦር መጣብኝ ብሎ የቡሬን ምሽግ ለቆ በዚሁ መንገድ ሸሽቷል። ለምን ሸሸ? ትምህርት ቤታችን ዓመቱን በሚያከብርበት በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ልጽፍበት የፈለግሁት ስለዚህ ጥያቄ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ከጥቂት ዓመታት በፊት መጀመር ያስፈልጋል። ጠላት በ1928 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስን ሲይዝ ጎጃም ወዲያው አልተዋጋም ነበር። ጠላት ትጥቅ አስፈታለሁ ማለት በጀመረ ጊዜ ግን አገሩ በ1930 ዓ.ም. በአንድነት ተነሣ። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ ልጅ ኃይሉ በለው፣ በቢቸና በኩል ደግሞ በላይ ዘለቀ እየተዋጉ ጠላትን ከገጠር አስወጥተው በከተማና በምሽግ ውስጥ እንዲወሰን አደረጉት። ከዚያ በኋላ ኢጣልያኖች ከቡሬ ወደ ዳንግላ እንኳ ያለ ብዙ አጃቢ መሄድ አይችሉም ነበር። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ኢጣልያ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ባወጀች ጊዜ እንግሊዞች ኢትዮጵያውያን አርበኞችን ለመርዳት አሰቡ። በነሐሴ ወር ኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ «ሚሲዮን 101» የተባለውን ጥቂት ሰዎች የያዘ ቡድን መርቶ ከሱዳን ወደ ጎጃም ገባ። ከንጉሠ ነገሥቱም ዘንድ አዛዥ ከበደ ተሰማ ተልከው አብረው ነበሩ። ሠፈራቸውን ያደረጉት በሰከላ ነው፤ ይኸውም የግሽ ዓባይ አገር ማለት ነው። እዚያ ከሠሩት ሥራ ሁሉ የሚበልጠው ደጃዝማች መንገሻንና ደጃዝማች ነጋሽን ማስማማታቸው ይመስለኛል። ሁለቱ ታላላቅ አርበኞች በመካከላቸው ቅሬታ ነበራቸውና ስምምነቱ ባይደረግ ኖሮ የኋለኛው ዘመቻ የሚሄድበት መንገድ አይገኝም ነበር። በኅዳር ወር ደግሞ ሻለቃ ኦርድ ዊንጌት በትንሽ አውሮፕላን ከሱዳን በርሮ በሰከላ አጠገብ አረፈና ከሳንድፎርድ ጋር ተነጋግሮ ተመለሰ። በኋላ በአዲስ አበባ የተከፈተው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት በስሙ የተጠራው ይኸው ሰው ነው።

ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኡም ኢድላ በኩል ድንበሩን ተሻግረው የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ከሰቀሉ በኋላ ጥር 29 ቀን በላያ ተራራ ደረሱ። የጭነቱ ሥራ እጅግ ከባድ ነበር። ከ15 ሺህ የማያንሱ ግመሎች ከሱዳን ተሰብስበው ነበር ይባላል። ግመል የቆላ ከብት ስለ ሆነ የደጋው ብርድና ያልለመደው ሣር ፈጀው፤ አዲስ አበባ የደረሱት ጥቂቶች ብቻ ናቸው። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ካርታ አያስፈልገውም ነበር፤ የሞቱት ግመሎች ሽታ ይመራው ነበርና።

የዊንጌት ጦር «የጌዴዎን ጦር» ተባለ። በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የመጽሐፈ መሳፍንትን ታሪክ በቃላችን እንድንተርክ እንታዘዝ ስለ ነበር ይህን ስም ስሰማ ምክንያቱ ወዲያው ገባኝ። ጌዴዎን 32 ሺህ ሰው ነበረው፤ ፈሪዎቹ ሲመለሱ 10 ሺህ ቀሩ፤ ከእነዚያም መካከል 300 ብቻ ተመረጡ። እነዚህም 300 ሰዎች በሌሊት ቀንደ መለከት ነፉ፤ ማሠሮ ሰበሩ፤ ችቦ አበሩ፤ የምድያምም ሠራዊት ብዙ ጦር የመጣበት መስሎት እርስ በርሱ ተፋጀ። ዊንጌት መጽሐፍ ቅዱስ እየተነበበበት ባደገ ቤት የተወለደ ሰው ስለ ነበር ስሙን የመረጠው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ የሚዋጋበትን ዘዴ መግለጹ ነው።

እንግዲህ የጌዴዎን ጦር ምን ያህል ነበር? ወደ 800 የሚሆኑ በደንብ የሠለጠኑ የሱዳን ወታደሮች በኮሎኔል ሂዩ ቡስቴድ ሥር ነበሩ። (ይህ ሰው በ1920 እ.ኤ.አ. በአንትወርፕ ኦሊምፒክ የተወዳደረ፣ በ1933 እ.ኤ.አ. ደግሞ ወደ ኤቨረስት ተራራ ከወጡት ጋር የነበረ ስፖርተኛ ነው፤ የስፖርት ክበባችን አባሎች ልብ ይበሉ።) ወደ 800 የሚሆኑ ደግሞ ሥልጠናቸው ገና ያልተፈጸመ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከእነርሱም ውስጥ ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር በሻለቃ ቦይል ይታዘዝ ነበር፤ በስደት ከነበሩ ወገኖቻችን የተቋቋመ ነው። ከእነዚህ ላይ 70 ያህል እንግሊዛውያን መኮንኖችና የበታች ሹማምንት ይደመራሉ። መድፍ የላቸውም፤ ጥቂት ሞርታሮች ብቻ አሏቸው። አውሮፕላን ደግሞ አልፎ አልፎ ካልሆነ በቀር አይታይላቸውም ነበር። በአንጻሩ በቡሬ የነበረው የኮሎኔል ናታሌ ጦር በኮረብታዎቹ ላይ ምሽግ ሠርቶ፣ ሽቦ ዘርግቶ፣ መትረየስ ጠምዶ የተቀመጠ ነው። ቁጥሩን ጸሐፊዎች ይለያዩበታል፤ ብዙ ሺህ መሆኑን ግን ሁሉም ይስማሙበታል።

የታሪክ ክበባችን ይህን ዘመቻ በሜዳችን ላይ ተጫውቶታል። ይህ ዓይነት ጨዋታ የሕፃን ነገር አይደለም። የፕሩስያው መኮንን ፎን ራይስቪትስ በ1824 እ.ኤ.አ. በካርታ ላይ የሚደረግ የጦርነት ጨዋታ ለጦሩ አቅርቦ የፕሩስያ መኮንኖች ይማሩበት ነበር። እኛ ካርታ ስላልነበረን የታሪክ መምህራችን በትምህርት ቤቱ ግቢ አሸዋ አስደፍተው ከበላያ እስከ ደብረ ማርቆስ ያለውን አገር በእጃቸው ሠሩልን። ኮረብታው የድንጋይ ክምር፣ ወንዙ የሰማያዊ ክር ሆነ። ለኢጣልያ ጦር በቆሎ፣ ለጌዴዎን ጦር ሽምብራ፣ ለአርበኞች ደግሞ ጤፍ ሰጡን፤ አንዷ በቆሎና አንዷ ሽምብራ 100 ሰው ናቸው። ጤፉ ለምን እንደ ሆነ ስንጠይቃቸው «አይቈጠርማ!» አሉ።

እኔ ናታሌን ሆኜ እንድጫወት ዕጣ ወጣብኝ። ደስ አላለኝም።

በመጀመሪያው ቀን ሦስት ጊዜ ተጫወትን፤ ሦስቱንም ጊዜ እኔ አሸነፍሁ። ነገሩ ቀላል ነበር። ዓይኔ እያየ ከሃያ የማትበልጥ ሽምብራ ስትመጣ ከምሽጌ ለምን እወጣለሁ? በመድፍ እየመታሁ ተቀመጥሁ፤ ሲደክሙ ወጥቼ በተንኋቸው። ጓደኞቼም «ናታሌ ፈሪ ነበር» ብለው ፈረዱ፤ እኔም ተስማማሁ።

በማግሥቱ መምህራችን ነጠላ አምጥተው በሜዳው መካከል ጋረዱ። አሁን የጌዴዎንን ጦር ማየት አልችልም። የማውቀው አንድ ተማሪ እየተመላለሰ በወረቀት የሚያመጣልኝን ወሬ ብቻ ነው፤ ወሬውም እውነትና ሐሰት የተቀላቀለበት ነው። የመጣልኝ ወሬ እንዲህ የሚል ነበር፦ ዳንግላን የያዘው ጦራችን ለቆ ወደ ባሕር ዳር ሄዷል። እንጅባራም ተለቋል። ማለቂያ የሌለው የግመል ጭነት በሌሊት ሲያልፍ ታይቷል። ንጉሠ ነገሥቱ ከጦሩ ጋር ናቸው። ዛሬ በዚህ ኮረብታ ሞርታር ተተኮሰ፤ ነገ በዚያኛው። ከባንዳው ውስጥ ዛሬ ሌሊት የጠፋው ብዙ ነው። በመጨረሻም ማንኩሳ ተመታ፤ ወደ ደምበጫ የሚወስደው መንገድ ሊቈረጥ ነው የሚል መጣ።

እኔም በቆሎዬን ሰብስቤ ከቡሬ ወጣሁ። መምህራችን ነጠላውን ሲያነሡት በማንኩሳ አጠገብ የነበረው ሽምብራ አራት ፍሬ ነው። ተማሪው ሁሉ ሳቀ።

በእውነተኛው ታሪክ የሆነውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ዊንጌት ወደ ደጋ እንደ ወጣ ጦሩን ከፍሎ ጥቂቱን ወደ ባሕር ዳር ላከ፤ በቀረው ደግሞ ከየካቲት አጋማሽ በኋላ የቡሬን ምሽጎች በየሌሊቱ ይነካካ ጀመር። ትንሽ ቡድን በአንድ ወገን ተኩሶ ይሸሻል፤ ሌላው በሌላ ወገን ይተኩሳል። በድምፅ ማጉያ በአማርኛ እየተጠሩ ባንዶቹ ወደ ንጉሠ ነገሥታቸው እንዲመለሱ ይለመኑ ነበር፤ ብዙዎችም እየጠፉ ሄዱ። ቀጥሎ የሱዳኑ ጦር ቡሬን አልፎ ማንኩሳን ደበደበ። ናታሌም መውጫዬ ሊዘጋ ነው ብሎ የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. ምሽጉን ለቆ ወጣ።

እንግሊዞች ይህን ታሪክ ሲጽፉ አብዛኛውን ምስጋና ለዊንጌት ብልሃት ይሰጣሉ። ብልሃቱን አልክድም። ነገር ግን በነጠላው ወዲያ ተቀምጬ ባየሁት ጊዜ ሌላ ነገር ገባኝ። ናታሌ ቃኚ ልኮ እውነቱን ማረጋገጥ ለምን አልቻለም? ከምሽጉ ወጥቶ ተመልሶ የሚገባ ቃኚ ስለሌለው ነው። ለምን ቢባል ገጠሩ የአርበኛው ነበር። ገበሬው ለጌዴዎን ጦር ዱቄትና ሰንጋ ሲያቀርብ፣ መንገድ ሲመራ፣ ለናታሌ የሚነግረው የጠላቱን ብዛት እንጂ ማነሱን አልነበረም። ዊንጌት የመጣው ጠላት አስቀድሞ ዓይኑ በጠፋበት አገር ነው፤ ዓይኑን ያጠፉት ደግሞ እነ ደጃዝማች ነጋሽ ሦስት ዓመት ሙሉ በተዋጉት ውጊያ ነው። መምህራችን ጤፉን አይቈጠርም ያሉበት ምክንያት ይህ መሰለኝ።

ናታሌን ፈሪ ማለቱም ትክክል መሆኑን ከዚያ ወዲህ ተጠራጠርሁ። በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ስለ ዴንማርክና ስለ ጀርመን የድንበር ጦርነት የሚናገር መጽሐፍ አግኝቼ አንብቤ ነበርና ከዚያ ምሳሌ ላምጣ። በ1864 እ.ኤ.አ. የፕሩስያና የኦስትሪያ ጦር በሽሌስቪግ ግዛት ሲገባ፣ ዴኖች ዳኔቪርከ የሚባል ከጥንት ጀምሮ የሚኮሩበት የአፈር ካብ ምሽግ ነበራቸው። ሕዝቡ ይህ ምሽግ አይደፈርም ብሎ ያምን ነበር። ነገር ግን የዚያ ዓመት ክረምት ብርቱ ስለ ነበር በምሽጉ ግራና ቀኝ የሚጠብቀው ረግረግና የባሕር ወሽመጥ ወደ በረዶ ተለወጠ፤ ጠላት በበረዶው ላይ ተሻግሮ ሊከብብ የሚችል ሆነ። አዛዡ ጄኔራል ዴ ሜዛ በፌብርዋሪ 5 ቀን ሌሊት ጦሩን ይዞ በዝምታ ወጣ። ጦሩ ዳነ፤ አገሩ ግን ተቆጣ፤ ጄኔራሉም ተሻረ። ናታሌም ከጥቂት ቀናት በኋላ ተሽሮ በኮሎኔል ማራቬንታኖ ተተክቷል። ሁለቱም ምሽጋቸው ሳይሰበር የወጡት መውጫው ይዘጋል ብለው ነው። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው፤ ዴ ሜዛ የፈራው በእርግጥ የነበረ በረዶ ነው፤ ናታሌ የፈራው ግን ያልነበረ ጦር ነው። ዴኖች የሚዋጉት በገዛ አገራቸው ስለ ነበር የጠላታቸውን ብዛት ያውቁ ነበር።

አሁን ወደ መንገዱ ልመለስ፤ የዚህ ታሪክ መራራው ክፍል ከቡሬ ወዲህ ነውና። ዊንጌት የሁለተኛውን የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር ቀድሞ ወደ ፊት ልኮት ነበር። ይህ ጦር እንግሊዞች በጽሑፋቸው «ቻራካ» በሚሉት ወንዝ፣ በደምበጫ መንገድ ላይ ሰፈረ። ቦታው ለመከላከል አይመችም ነበር፤ ጠላትም በዚያ ሰዓት ይመጣል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። የካቲት 27 ቀን ማለዳ የናታሌ ጦር በሙሉ፣ ከነመድፉ፣ ከነፈረሰኛው፣ ከነብረት ለበሱ መጣባቸው። ሁለቱም ወገን ደነገጠ።

እነዚያ ሥልጠናቸው ያልተፈጸመ ወገኖቻችን አልሸሹም። ብዙ ሰዓት ተዋጉ፤ ሁለት ብረት ለበስ መኪናዎች አቃጠሉ፤ ጥይት እስኪያልቅባቸው ድረስ የዚያን ሁሉ ጦር ጉዞ አገዱ። በመጨረሻ ጠላት በብዛቱ ረግጧቸው አለፈ። ቡሬ ላይ በጨለማ የተገኘው ድል ዋጋው በዚያ ማለዳ በብርሃን ተከፈለ ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ይህ ሻለቃ ጦር ከግንባሩ ወደ ኋላ ቀረ፤ የቀረውን ዘመቻ ብዙውን የሠራው የሱዳኑ ጦር ነው፤ ስለዚህም በመጻሕፍት ውስጥ ስለ ቻራካ የሚገኘው ጥቂት ገጽ ነው። በጨዋታችን ይህን ውጊያ ስንደርስበት ናታሌን የሆንሁት እኔ ሦስት ሽምብራ በአርባ በቆሎ ላይ ሲቆም አይቼ መምህራችንን «ይህ ይቻላልን?» ብዬ ጠየቅሁ። «አልተቻለም፤ ግን ተደረገ» ብለው መለሱልኝ።

የቀረውን በአጭሩ እናገራለሁ። ጠላት ደምበጫንም ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈገ። ቡስቴድ ከከተማው በስተ ምዕራብ ባሉት ኮረብታዎች ላይ በየሌሊቱ በቦምብ እየወረወረ አላስተኛ አለው። በመጋቢት 25ና 26 ማራቬንታኖ ደብረ ማርቆስን ለቆ ወደ ዓባይ ወረደ፤ ከጠላት ጋር አብረው የነበሩት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ከተማውን ይዘው ቀሩና ለንጉሠ ነገሥቱ ገቡ። በዚያን ጊዜ የተደረገ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ፤ ጠላት ሲወጣ የስልኩን ሽቦ አልቈረጠም ነበር። ከዓባይ ማቋረጫ ካለው የኢጣልያ ጦር ስልክ ሲደወል ኢጣልያንኛ የሚያውቀው አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ኤድመንድ ስቲቨንስ አንሥቶ፣ 10 ሺህ የእንግሊዝ ጦር እየመጣ ስለ ሆነ ቶሎ ሽሹ ብሎ አስደነገጣቸው። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ሲገቡ፣ በዚያው ዕለት ከደቡብ የመጣው የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ማራቬንታኖም ዓባይን ተሻግሮ ሄዶ ግንቦት 15 ቀን 1933 ዓ.ም. በአጊባር ላይ ለዊንጌት እጁን ሰጠ።

ስለ ራሴ ቤት አንድ ነገር ሳልናገር ብጨርስ ግን ጽሑፌ ሙሉ አይሆንም። የአባቴ አያት ከደጃዝማች ነጋሽ ሰዎች ጋር የዘመቱ አርበኛ ነበሩ። ይህ በቤታችን በየበዓሉ ይነገራል። ስለ እናቴ አያት ግን የሚባለው «ቡሬ ነበሩ» ብቻ ነው። ልጅ ሳለሁ ነጋዴ የነበሩ ይመስለኝ ነበር። ስለ ጨዋታችን ለሴት አያቴ የነገርኋቸው ዕለት ዝም ብለው ከሰሙኝ በኋላ፣ አባታቸው በቡሬ ምሽግ ውስጥ ባንዳ እንደ ነበሩ ነገሩኝ። በልጅነታቸው ከቤተሰቡ የሰሙትን ሲነግሩኝ፣ በአንድ ሌሊት ጠመንጃቸውን ይዘው ከምሽግ ጠፍተው ወደ ማሳቸው ተመለሱ አሉ። ወደ አርበኛም አልገቡም። ጦሩ በሰፈራቸው ሲያልፍ ጎተራ ውስጥ ተደብቀው ነበር።

«ለምን ጠፉ? ንጉሡ መጡ ሲባል ነው?» አልኋቸው።

«እኔ ምን አውቄ ልጄ! ጦሩ እንደ አሸዋ ነው ሲባል ሰምቶ ይሆናል» አሉ።

ወደ ናታሌ የሚመጣውን የሐሰት ወሬ እርሳቸውም ሰምተውት ኖሯል ማለት ነው። ለናታሌ ከሚመጡት ወረቀቶች አንዱ «ከባንዳው ውስጥ ዛሬ ሌሊት የጠፋው ብዙ ነው» ይል እንደ ነበር ጽፌያለሁ። ያ እውነተኛው ወሬ ነበር።

ቀድሞ ወጀት ይባል የነበረው ከተማችን ፍኖተ ሰላም የተባለው ከዚያ ዘመን ጋር ተያይዞ ነው ይባላል። በከተማው ውስጥ እንደ እኛ ቤት የሁለቱም ወገን ልጆች የሆኑ ቤተሰቦች ስንት እንደ ሆኑ አላውቅም፤ ጥቂት እንዳልሆኑ ግን እገምታለሁ። እናቴ ይህን ጽሑፍ ከመስጠቴ በፊት አንብባ የእናቷን አባት ነገር እንዳወጣ አልጠየቀችኝም፤ «ጎተራው አሁንም አለ» ብላ ብቻ ጨመረችበት።

የታሪክ ክበባችን በበዓሉ ዕለት ጨዋታውን በወላጆች ፊት ያሳያል። አሸዋው ተዘጋጅቷል፤ ነጠላውም ታጥቧል፤ ለጌዴዎን ጦር የሚጫወቱ ዘጠኝ ተማሪዎች ተመዝግበዋል። ናታሌን ሆኖ የሚጫወት ግን እስከ አሁን አልተገኘምና ፈቃደኛ የሆነ ተማሪ ወይም ወላጅ ቢኖር ስሙን ለታሪክ መምህራችን እንዲሰጥ በአክብሮት እንጠይቃለን።